አያ ላቀው ያነበቡት ማስታወቂያ

አያ ላቀውን በደንብ አውቃቸዋለሁ ብል ውሸት ይሆንብኛል። ስድስት ዓመት በአንድ የማኅበረሰብ ሬዲዮ አብረን አገልግለናል፤ ቤታቸው የገባሁት ግን ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። የልጆቻቸውን ስም እንኳ አንዱን ከአንዱ አምታታለሁ። ኮሚቴው ለአዲስ በጎ ፈቃደኞች እንዲነበብ ስለ አንድ አንጋፋ አቅራቢ ጻፊ ሲለኝ፣ ሌላ ሰው ይሻላል ብዬ ነበር። የሚሻልም አለ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ በጣቢያው በር ከሌሎች ጋር በተራ ማስታወቂያ ስቀበልና ስመዘግብ የኖርሁ ሴት ነኝ። ኋላ ግን ሌላ ሰው ከጻፈው የሚቀር ነገር እንዳለ አሰብሁና እሺ አልሁ።

አያ ላቀው ቡሬ ውስጥ፣ ከገበያው በታች ወፍጮ ቤት አላቸው። ስድሳ ሊሞላቸው ነው። ቅንድባቸው ሁልጊዜ ዱቄት አለበት። በሞተር ድምፅ ላይ ሲጮሁ ስለኖሩ መንገድ ላይ ሰላም ሲሉ ሰው ይደነግጣል። ማይክራፎን ፊት ሲቀመጡ ግን ድምፃቸው ዝቅ ይላል፤ አጠገብ ተቀምጠው የሚያወጉ ይመስላል። የጠፋ በሬ፣ የእድር ስብሰባ፣ የክትባት ቀን፣ የሰው ሞት፣ ሁሉም በእሳቸው አፍ ነበር የሚነገረው። በተለይ የሞት ማስታወቂያ ሲያነቡ ያላለቀሰ አልነበረም። ከፍኖተ ሰላም እስከ ሽንዲ ድረስ፣ «የኔን ሞት ላቀው ያንብበው» እያሉ የሚናዘዙ ሽማግሌዎች እንደነበሩ ሰምቻለሁ።

አዲስ ሰው ሲመጣ ደንቡን የሚያስተምሩትም እሳቸው ነበሩ። ደንቡ ስቱዲዮው በር ላይ ተለጥፏል። እኔ የሠለጠንሁ ቀን ወንዳወቅ የሚባል የኮሌጅ ተማሪ አብሮኝ ነበር።

«ለማንም ፓርቲ አትወግኑ። የሰው ስም በክፉ አታንሡ። ያላጣራችሁትን ወሬ አታንብቡ። ከነጋዴ ስጦታ አትቀበሉ» አሉን።

«አያ ላቀው፣ ይህ ሁሉ ከተከለከለ ምን ልናወራ ነው?» አለ ወንዳወቅ።

«የተረፈውን።»

«ምን የተረፈ አለና!»

«እንግዲያስ ዘፈን ክፈት። እሱንም ቢሆን አዳምጠህ።»

ስለ ሞት ማስታወቂያ ሲደርሱ ግን አይቀልዱም ነበር። የሞት ማስታወቂያ የእድሩ ዳኛ ሳይፈርምበት አይነበብም። ፊርማው ሰውየው መሞቱን ብቻ አይደለም የሚያረጋግጠው፤ ቤተሰቡ መርዶውን መስማቱንም ጭምር ነው። በእኛ አገር የልጇን ሞት የሰማ ሁሉ ለእናት ሮጦ አይነግራትም። ዘመድ ተጠርቶ፣ ጎረቤት ተዘጋጅቶ፣ ሽማግሌዎችና የንስሐ አባቷ ጎሕ ሲቀድ ደጇ ላይ ሲቆሙ ነው የምትሰማው። ያን ጊዜ ስትወድቅ የሚይዛት ሰው አለ። «ከእናቲቱ በፊት ያለቀሰ ሰው ሌባ ነው፤ የሷን እንባ ነው የሰረቀ» ይሉን ነበር።

የዛሬ ዓመት በጥቅምት፣ አንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ስመኘው የሚባል ሰው ወረቀት ይዞ መጣ። እህቱ እማማ ወለተ ኢየሱስ ናቸው። ልጃቸው ደጀኔ ለሰሊጥ አጨዳ ቆላ ወርዶ ነበር፤ ወባ ይዞት ሞተ፤ እዚያው ተቀበረ። መርዶው ለሐሙስ ንጋት ተቆርጧል። ማስታወቂያው ደግሞ ለሐሙስ ፕሮግራም ነው፤ ሽንዲ ያለው ዘመድ ለለቅሶ እንዲደርስ። ስመኘው ይህን ነግሮኝ ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ ሄደ።

የፊርማው ቦታ ባዶ ነበር። ባዶ መሆኑን አይቻለሁ። የእድሩ ዳኛ ከመርዶው በኋላ መጥቶ ይፈርማል ተብሏል። እኔ «ለሐሙስ» ብዬ ራስጌው ላይ መጻፍ፣ ወረቀቱንም ለብቻ ማስቀመጥ ነበረብኝ። ተራ ቁጥሩን ብቻ ጻፍሁና ከሌሎቹ ጋር አንባቢው የሚያነሣበት ሳጥን ውስጥ ከተትሁት። ነገ በጠዋት አወጣዋለሁ አልሁ በልቤ። ራሴን ያመኝ ስለነበር ወደ ቤቴ ሄድሁ።

ቀጥሎ የሆነውን የነገሩኝ የአያ ላቀው ባለቤት ሰብሊ ናቸው። ባላቸው ጣቢያ ሲውሉ ወፍጮውን የሚያሠሩት እሳቸው ናቸው። ሬዲዮ መደርደሪያው ላይ አለ። የሞት ማስታወቂያ ሊነበብ ዋሽንቱ ሲሰማ፣ ሰብሊ ሞተሩን ያጠፋሉ። ሞት እየተነበበ አይፈጭም ብለው ራሳቸው አያ ላቀው ያስለመዱት ነው። ያን ረቡዕ አመሻሽም ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ይቀልዱባቸው ነበር።

«ሰብሊ፣ ባልሽ ቤትም እንዲህ ይለሰልሳል?»

«ቤት ሲገባማ ጣቢያው ይዘጋል» አሉ ሰብሊ፤ ሁሉም ሳቁ።

ከሚስቁት አንዷ እማማ ወለተ ኢየሱስ ነበሩ። ልጄ ለኅዳር ሚካኤል ይመጣል ብለው ግማሽ ኩንታል ጤፍ ይዘው ነው የመጡት። ወደ ወፍጮ የላከቻቸው ጎረቤታቸው ያምሮት ነበረች፤ ዘመድ ለመርዶው በጓሮ እየገባ ነበርና ከቤት ዘወር እንዲሉላት ብላ። ሰብሊም ሌሎቹ ሴቶችም ምንም አያውቁም።

ዋሽንቱ ተሰማ። ሰብሊ ሞተሩን አጠፉ። አያ ላቀውም በዚያ በለሰለሰ ድምፃቸው የወይዘሮ ወለተ ኢየሱስን ልጅ የደጀኔን ሞት አነበቡ። ስንት ዓመቱ እንደነበረ፣ ከየት መጥቶ የት እንደተቀበረ፣ አንድም ቃል ሳይቸኩሉ።

እማማ ወለተ ኢየሱስ ከጆንያው ላይ ተነሡ። ቀሚሳቸውን አራገፉ። «ሰብሊ፣ ላቀው የጠራው እኔን ነው?» አሉ።

 ሽማግሌ የለ፣ የንስሐ አባት የለ። ሲወድቁ የያዟቸው ለማስፈጨት የመጡ፣ ስማቸውን እንኳ የማያውቁ ሴቶች ናቸው።

በሁለተኛው ቀን ኮሚቴው ተሰበሰበ። ሰብሳቢው አቶ ደረሰ፣ ደንቡ እንደሚያዝዘው ስህተቱ በዚያው ሰዓት በፕሮግራሙ ይታረም አሉ።

«ምን ተብሎ ይታረማል?» አሉ አያ ላቀው። «ያነበብሁት እኮ እውነት ነው። ልጁ ሞቷል።»

«እንግዲያው ይቅርታ ይጠየቅ።»

«ይቅርታውንም ከሬዲዮ ትስማው?»

አቶ ደረሰም፣ «ግን አያ ላቀው፣ አንቱ ደንቡን ያስተማራችሁን ሰው እንዴት ፊርማውን ሳታዩ?» አሉ።

አያ ላቀው የሰጡትን መልስ ቃለ ጉባኤው ላይ አልጻፍሁትም፤ ግን አልረሳሁትም። «የስመኘውን የእጅ ጽሕፈት ዐውቃለሁ። ልጁንም ዐውቀው ነበር። ስሙን ሳይ ደነገጥሁ። ያን ድንጋጤ ግን ወደድሁት። ዛሬ አገር ያለቅሳል አልሁ። ወደ ታች አላየሁም።»

«ወረቀቱን የተቀበለውስ ማን ነው?» አሉ አቶ ደረሰ።

«አንባቢው እኔ ነኝ» አሉ አያ ላቀው።

ጸሐፊዋ እኔ ነበርሁ። «አንባቢው ጥፋቱን አምነው ተቀብለዋል» ብዬ ጻፍሁ። ሦስት ወር ከማይክራፎን እንዲታገዱ ተወሰነ፤ እሱንም ጻፍሁ።  ቀና ብዬ ግን አላየኋቸውም።

አያ ላቀውን እገዳው አላስጨነቃቸውም። እሳቸው የሚፈልጉት እማማ ወለተ ኢየሱስ ይቅር እንዲሏቸው ብቻ ነበር። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ላኩ፤ «ገና ነኝ» ተባሉ። ያ ግማሽ ኩንታል ጤፍ እስከዚያ ድረስ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ቆሟል። አያ ላቀው ፈጭተው ለመላክም፣ እንዳለ ለመመለስም አልደፈሩም። ማንም ሲያልፍ እንዳይነካው አጠገቡ ይቆሙ ነበር ይላሉ ሰብሊ።

አርባው ካለፈ በኋላ «ይምጣ» ተባለ። ሦስት ሽማግሌዎችና አንድ ቄስ ይዘው ሄዱ። እኔም ከጣቢያው ሰዎች ጋር ከኋላ ነበርሁ። አያ ላቀው በዚያ ዕድሜያቸው አንገታቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመው ደጁ ላይ ተንበረከኩ። ሽማግሌዎቹ ገና ልመናቸውን ሲጀምሩ እማማ ወለተ ኢየሱስ ወጡ። ከስተዋል።

«አውርዱለት» አሉ። «ለእግዚአብሔር ብዬ ይቅር ብዬዋለሁ። አባ፣ እናንተ እዚህ ጥላው ላይ አረፍ በሉ። ላቀው ግን ይግባ፤ የምነግረው አለኝ።»

ሁለቱ ብቻቸውን ገቡ። ውጭ የቀረነው አንዱ ስለ ዝናቡ፣ አንዱ ስለ በቆሎው ዋጋ እያወራን ጆሯችን ግን ከበሩ አልተነቀለም። ምንም አልተሰማንም። አያ ላቀው ሲወጡ ቄሱ «እንኳን ደስ ያለህ፣ ታረቅህ» አሉና መስቀል አሳለሟቸው። አያ ላቀው መስቀሉን ተሳልመው፣ የቀረበላቸውን ጠላ ሳይቀምሱ ብቻቸውን ሄዱ። በማግስቱ ጤፉን ፈጭተው ራሳቸው ተሸክመው ወሰዱ፤ ተቀበሏቸውም።

እንግዲህ ታርቀዋል። እገዳው ካለቀ ወራት አልፈዋል። አቶ ደረሰ ሦስት ጊዜ ለመኗቸው። አያ ላቀው ግን አልተመለሱም። ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ያለው ሬዲዮም ከመደርደሪያው ወርዷል።

ይህን ለመጻፍ ባለፈው ሳምንት ሄጄ ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ ያልተነፈስሁትን ነገርኋቸው፤ ወረቀቱን የተቀበልሁት እኔ እንደሆንሁ፣ ለሐሙስ መሆኑን ስመኘው እንደነገረኝ፣ ፊርማ እንደሌለው አይቼ ዝም እንዳልሁ።

«ዐውቃለሁ» አሉ። «ቁጥሩ በአንቺ እጅ ነበር የተጻፈው።»

«ታዲያ ያን ቀን ለምን አልተናገሩም?»

«አንቺ መች አነበብሽው?»

ፊቴን የማስገባበት አጣሁ። እሳቸው እየተከዙ ከመንኰራኩሩ ላይ ዱቄት ይጠርጉ ነበር። እኔ ግን የመጣሁበትን ሳልጠይቅ ልሄድ አልቻልሁም። ለአዲሶቹ ልጆች የምጽፈው ያለ እሱ ጎደሎ መሰለኝ፤ እውነቱን ለመናገር፣ ለራሴም ስል ነበር።

«አያ ላቀው፣ ያን ቀን ብቻችሁን ስትገቡ፣ እማማ ወለተ ኢየሱስ ምን አሉዎት?»

መጥረጊያውን አስቀመጡ። 

«እታለም፣ እሱን አልነግርሽም» አሉ።