ለግማሽ ሰዓት የሚወፍር ጭን

ጉልበቴ የተጎዳው በስደት በምኖርበት ከተማ፣ ዳንደኖንግ የሚባል ሰፈር ከሐበሻ ልጆች ጋር ኳስ ስንጫወት ነው። የገፋኝ ሰው እንኳን አልነበረም፤ በባዶ ሜዳ ዞር ስል ጅማቱ ተበጠሰ። ኦፕራሲዮን ተደረግኩ፣ ትሩጋኒና ሰፈር ያለው የመጋዘን የሥራ ሺፍቴ ቀረ፣ ቀኝ ጭኔም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መነመነ።

አዲስ አበባ ያለችው እናቴ በቪዲዮ ሱሪዬን አስጠቅልላ አየችውና፣ «እግሩ ደርቋል!» ብላ ለቅሶ ተቀመጠች። እህቴ ደውላ፣ «የደም ግፊቷ አልወርድ ብሏል፣ ምግብም ትታለች። እባክህ አንድ ነገር አድርግ» አለችኝ። ምን ላድርግ? እግር ከገበያ አይገዛ።

ዌሪቢ ሰፈር የምታክመኝ ፊዚዮቴራፒስት ደግ ሴት ነበረች። ጉልበቴ ገና ከባድ ነገር ስለማይችል፣ የደም ግፊት ሲለካ ክንድ ላይ እንደሚታሰረው ያለ ማሰሪያ ጭኔ ላይ ታስርና በአየር ትነፋዋለች። ደሙ በመጠኑ ይገባል፤ ለመመለስ ግን ይቸገራል። ከዚያ ቀላል ክብደት ቁርጭምጭሚቴ ላይ ታስሮ እግሬን ዘርጋ እጥፍ አደርጋለሁ። መጀመሪያ ላይ ይህማ የሕፃን ጨዋታ ነው ያልኩት ሰውዬ፣ ትንሽ ቆይቼ ሚጥሚጣ እንደነካው ቁስል ሲለበልበኝ ያልጠራሁት ቅዱስ አልነበረም። ማሰሪያው ሲፈታ ሙቀት እግሬን ያዳርሰዋል፤ ጭኔም ተነፍቶ ጤነኛውን ያክላል።

«ገና አትደሰት» አለችኝ። «ይህ ፈሳሽ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ይጎድላል። ጡንቻው የሚመጣው በሳምንታት ነው።»

ለእኔ ግማሽ ሰዓት ከበቂ በላይ ነበር። ሰው አገር ያለ ልጅ ለእናቱ ክፉ ወሬ አይነግርም፤ ቢታመም ጉንፋን ነው፣ ከሥራ ቢባረር ዕረፍት ላይ ነው። በሚቀጥለው ቀጠሮ ማሰሪያው እንደተፈታ እዚያው ሆኜ ደወልኩ።

«እማዬ፣ ይኸው እግሬ!»

እልልታዋን አቀለጠችው። ፊዚዮቴራፒስቷ ደንግጣ ዞረች። እኔ ግን በደስታ የምሆነውን አጣሁ።

«እሰይ የኔ ጌታ! በል እስቲ ቆመህ ልይህ።»

ስነሳ እግሬ ተንቀጠቀጠና ግድግዳ ያዝኩ።

«አንተ ልጅ» አለች እናቴ፣ «ይሄ አብጦ ነው እንጂ ወፍሮ አይደለም፣ አይደል?»

አፈርኩ። የማሰሪያውንም የክብደቱንም ነገር አንድ በአንድ ነገርኳት።

«ታዲያ ስትሠራ አሳየኛ! የሚገድለኝ አለማየቴ ነው።»

በዚያው ዕለት፣ እዚህ ሲመሽ እዚያ ገና ቀን ነውና፣ እህቴ «ምሳዋን በላች» ብላ ጻፈችልኝ። አለቀስኩ።

በቀጣዩ ቀጠሮ ፊዚዮቴራፒስቷ እናቴ በቪዲዮ እንድታየኝ ስልኬን መስኮቱ ላይ አቆመችልኝ። የመጀመሪያው ዙር ሠላሳ ጊዜ ነው ስላት እናቴ፣ «እኔ እቆጥርልሃለሁ» አለች። ዕድሜዋን ሙሉ ሒሳብ ያስተማረች፣ ለገዛ ልጇ እንኳን ግማሽ ማርክ ጨምራ የማታውቅ ሴት ናት። አንድ፣ ሁለት ብላ በመምህር ድምጿ ጀመረች። እኔ ማላብ ስጀምር ድምጿ ቀነሰ። ጥርሴን ስነክስ እሷም ከንፈሯን ነከሰች።

«አሥራ ስምንት፣ አሥራ ዘጠኝ፣ ሠላሳ!» አለች። «በቃ፣ ፍቱልኝ ልጄን።»