ካፖርቱን ማስረጀት

ለእትዬ ስጦታ መግዛት ቀላል ነው፤ ከባዱ ማስቀበሉ ነው። እትዬ ታላቅ እህታችን ናት። የሆስፒታል ስልክ ኦፕሬተር ስትሆን፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ የደወለውን ሁሉ «ሆስፒታል ነው፣ ማንን ላገናኝ?» ስትል ፀጉሯ ሸበተ። እናትና አባታችን ተከታትለው ሲያርፉብን እኔንና ወንድሜን ያሳደገችን በዚያችው ደሞዟ ነው። ያኔ የያዛት ቁጠባ ግን እኛ አድገን፣ ሥራ ይዘን፣ እኔም በተራዬ ሽበት አብቅዬ እንኳ አልለቀቃትም።

ስስታም እንዳትመስላችሁ። ለሰው ሲሆን እጇ አይሰስትም፤ የሆስፒታሉን ጽዳት ሠራተኛ ልጅ ያስተማረችው እሷ ናት። ጉዱ ለራሷ ሲሆን ነው። ያለቀ ሳሙና ቁርጥራጩን አጣብቃ እንደገና ሳሙና ታደርገዋለች። የጥርስ ሳሙና ቱቦ በመቀስ ሰንጥቃ ውስጡን ትጠርጋለች። ለልደቷ የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ብንገዛላት «ድስቴ ምን በደለኝ?» ብላ መለሰችልን። በዓመቱ ጃንጥላ ገዛን፤ ሱቁ ድረስ ሄዳ በአምፖል ለወጠችውና አምፖሎቹን ለእኔና ለወንድሜ አከፋፈለችን። ሽቶ የገዛሁላት ዓመት የሆነውን ባልናገር ይሻላል፤ ብቻ መጸዳጃ ቤቷ እንደ ሙሽራ ሲሸት ከረመ።

መላውን ያገኘው ወንድሜ ነው። የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። አንድ ጊዜ አዲስ የሱፍ ሻርፕ ገዛላትና፣ ወዲያው ከመስጠት ይልቅ ራሱ አንገቱ ላይ ጠምጥሞት ሰነበተ። ሻርፑ ትንሽ ሲላላና ናፍጣ ናፍጣ ሲሸት እቤቷ ይዞት ሄደ።

«እትዬ፣ ይሄን ልጥለው ነው። የቆሻሻ መጣያሽ የት ነው?» አላት።

ከእጁ መነተፈችው። «ምን ሆነና ነው የሚጣለው? ጠገባችሁ መሰለኝ» እያለች አጥባ አደረገችው። ከዚያ ወዲህ ቤተሰባችን አዲስ ሙያ አወጣ፤ ማስረጀት። አዲስ ትራስ ተኝተንበት፣ አዲስ ነጠላ ጫማ ረግጠንበት እንወስድላታለን፤ እሷም እየተነጫነጨች ትቀበላለች።

አምና ሳንባዋን ብርድ መታትና ተኛች። ዘንድሮም ተደገመ። ከአልጋ ስትነሳ ሐኪሙ እኔን ወደ ጎን ጠራ አድርጎ «አንድ ጊዜ ደግሞ ብርድ ከመታት እንዳለፉት በቀላሉ አትነሳም፤ ሰውነቷ ይሙቅ» አለኝ። የስልክ ክፍሏ መስኮት አንዱ መስታወት ከተሰበረ ቆይቷል፤ በካርቶን ደፍናዋለች። የምትለብሰው ደግሞ ክርኑ የተጣፈ ስስ ሹራብ ነው። ስለዚህ ከወንድሜ ጋር አዋጥተን ካፖርት ገዛን። ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ ሱፉ ወፍራም፣ ገበሩ ለስላሳ። ቁመቴ ከእሷ ስለማይበልጥ ማስረጀቱ እኔ ላይ ወደቀ።

እኔ ጥርስ ሐኪም ቤት እንግዳ ተቀባይ ነኝ። ካፖርቱን ለብሼ የገባሁ ዕለት፣ ቀና ብሎ እንኳ የማያየኝ የጥርስ ሐኪም «ዛሬ ምን አለ? ሰርግ አለብሽ እንዴ?» አለኝ። ታካሚዎቹ በአክብሮት ያናግሩኝ ጀመር፤ ጥርሱን ያመመው ሰው እንኳ ወረፋ ጠብቅ ስለው አላመናጨቀኝም። ሙቀቱ ደግሞ ለብቻው ነው፤ ትከሻዬ ላይ ሲያርፍ ሰው ያቀፈኝ ያህል ይሰማኛል። አንድ ፌርማታ ቀድሜ እየወረድኩ በየሱቁ መስታወት ራሴን እያየሁ መሄድ አመጣሁ። ያደግሁት የእትዬን ልብስ እያሳጠርኩ ነው፤ የራሴን ደሞዝ ስይዝም ለራሴ እንዲህ ያለ ነገር ገዝቼ አላውቅም። እሷን ስናማ ለካ እኔም ያው ነኝ።

ወንድሜ ይደውላል።

«አረጀ?»

«ገና ነው። እጅጌው አሁንም አዲስ አዲስ ይላል።»

«ወይን ጠጅ አደረግሽው እንዴ? ሴትዮዋ እየሳለች ነው እኮ።»

«እሁድ እወስድላታለሁ።»

እሁድ መጣ፤ ሄደም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው፤ እጅጌው ምንም አልነበረውም። ማውለቁን ነው የጠላሁት።

አንድ ብርዳም ጠዋት፣ ከሥራ ቦታዬ ሆስፒታሉ ጋ ደወልኩ። «ሆስፒታል ነው፣ ማንን...» ብላ ጀመረች፤ የቀረውን ሳል በላባት። ጠበቅኳት፤ ሳሉ ግን አልቆም አለ። ስልኩን ዘግቼ፣ አስፈቅጄ፣ ካፖርቱን ደርቤ ወጣሁ።

ክፍሏ ስገባ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ እንዳደረገች ኩርምት ብላ ተቀምጣለች። በሹራቧ አንገት በኩል የጋዜጣ ጠርዝ ብቅ ብሏል። ለካ ደረቷ ላይ ጋዜጣ ደልድላ ነው የምትውለው። እኔ በሱቅ መስታወት ራሴን ሳይ እሷ ጋዜጣ ለብሳለች። ካፖርቱን አወለቅኩና፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ «እትዬ፣ ይሄን አሮጌ ልጥለው ነበር...» አልኩ።

«ተይ ሚጣ» አለችኝ። ፀጉሬ ሸብቶም ለእሷ ሚጣ ነኝ። «እኔን አታሞኙኝ። ወንድምሽ ያንን ሻርፕ ሲያመጣ የዋጋው ወረቀት እንኳ አልተነሳለትም ነበር።»

«ታዲያ ለምን ተቀበልሽው?»

«እሱ ሞቆት ሰንብቶ ነዋ። እናንተ ከሞቃችሁ በኋላ ሲደርሰኝ ደስ ይለኛል። ቀድሞ ለእኔ የመጣ ነገር ግን ከጉሮሮዬ አይወርድም፤ ምን ላድርግ፣ እንዲሁ ለምጄ ቀረሁ።»

«እንግዲያው እኔም ሞቆኛል፤ ውሰጂ።»

«ይሄን አልወስድም። አሁን ስትመጪ በመስኮት አየሁሽ። እንዲህ ቀጥ ብለሽ ስትራመጂ አይቼሽ አላውቅም። አምሮብሻል፤ ልበሺው።»

እዚህ ላይ ተናደድኩ። «ሐኪሙ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? አንቺ ከሄድሽብኝ ማን እንዲያይልኝ ነው የምለብሰው? ቀብርሽ ላይ አምሬ ልታይበት?» አልኳት። «ፈርቻለሁ እትዬ። እናቴን አንድ ጊዜ ቀብሬያለሁ፤ ሁለተኛ አልችልም።»

እትዬ ቀና ብላ አየችኝና ወዲያው ወደ ጠረጴዛዋ አቀረቀረች። ስልኩ ጠራ። በቀኝ እጇ መስመሩን ከፈተች፤ ግራ እጇን፣ ፊቷን ሳታዞር፣ ወደ እኔ ዘረጋችልኝ። እጅጌውን አጠለቅኩላት።

«ሆስፒታል ነው፣ ማንን ላገናኝ?» አለች። ካገናኘች በኋላ ቀኝ እጇንም ሰጠችኝ። ካፖርቱ ከሰውነቴ ሙቀት ገና አልበረደም ነበር፤ ትከሻዋ ላይ ሲያርፍ ዓይኗን ጨፈን አደረገች።

«ስንት ገዛችሁት?»

ግማሹን ቀንሼ ነገርኳት።

«በልተዋችኋል» አለችና እስከ ላይኛው ቁልፍ ድረስ ቆለፈችው።