የወይዘሮ ቬርና ተደራራቢ ማሽን

እስቲ ይህን ደረጃ እዩት። አሥራ ሦስት መርገጫ ነው፤ ጠባብ፣ እንደ መሰላል ቀጥ ብሎ የቆመ፣ በአንድ በኩል እንኳ መደገፊያ የሌለው። በአሜሪካ፣ በፒትስበርግ ከተማ ዳገት ላይ እነዚህን ቤቶች የሠሩት ሰዎች የልብስ ማጠቢያውን ከመሬት በታች፣ ምድር ቤት ውስጥ ቀበሩት። ወጥ ቤቱን ከላይ አደረጉ። ሴቲቱን ደግሞ በመካከል፣ ደረጃው ላይ አስቀሯት። ሠሪዎቹ አንድም ቀን ልብስ አጥበው አያውቁም፤ ቢያውቁማ ኖሮ እንዲህ ባልሠሩት።

ወይዘሮ ቬርና ሁዳክ አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ በዚህ ደረጃ እርጥብ ልብስ ተሸክመው ወጥተዋል፣ ወርደዋል። የትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ ነበሩ። ባላቸውን ቀብረዋል፣ አንድ ልጅ አሳድገዋል፣ ማንንም ደግፉኝ ብለው አያውቁም። ባለፈው ኅዳር ግን ከስድስተኛው መርገጫ ላይ አዳለጣቸውና የቀኝ እጃቸው አንጓ ተሰበረ። ልጃቸው ግሌን ሆስፒታል አልጋቸው አጠገብ ተቀምጦ የአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ሥዕል አሳያቸው። ሥዕሉ ላይ አበባ አለ፣ የሚስቁ ሽማግሌዎች አሉ፣ ደረጃ የለም።

«እማ፣ እስከ ፋሲካ ማጠቢያው ወደ ላይ ካልወጣ ቤቱ ይሸጥ። ቃል ግቢልኝ» አላቸው።

ሕመሙ እያንገበገባቸው ነበርና እሺ አሉት። ወይዘሮ ቬርና ደግሞ ቃላቸውን የሚያጥፉ ሴት አይደሉም። ግሌንም ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። በታመመ ሰው አፍ ውል የሚያስር ልጅ ስንት አለ! ክፉ ሆኖ አይደለም፤ መፍራት ከማሰብ ይቀላል፣ እናትን ማዛወርም ማጠቢያን ከማዛወር ይቀላል።

ከላይ ያለው ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ በወጥ ቤቱ ግድግዳና በጭስ ማውጫው መካከል ያለ፣ መጥረጊያ የሚቆምበት ክፍተት። ስፋቱ ሃያ አምስት ኢንች፤ የምድር ቤቱ ማጠቢያ አይገባበትም። ሱቅ ሄደው ሲጠይቁ ማድረቂያው ከማጠቢያው ላይ የሚደረበው አዲሱ ማሽን ሃያ ሰባት ኢንች ሆኖ ተገኘ። ሻጩ ግድግዳውን ቢያፈርሱስ ብሎ መከራቸው። ግድግዳው የጭስ ማውጫው ነው ቢሉት ትከሻውን ነቀነቀ። ጠባብም አለ አላቸው፤ ሆዱን ከፍተው ቢያዩት ግን አንድ ብርድ ልብስ የማይውጥ አሻንጉሊት ነው።

መፍትሔውን የነገራቸው ጎረቤታቸው ኦቲስ ነው። ኦቲስ ሠላሳ ዓመት የቤት ዕቃ ሲጠግን ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ምላሱ የሾለ ሰው ነው።

«እትዬ ቬርና፣ ያንን አዲስ ነገር ተይው። ኮምፒዩተር ነው፤ ሲታመም እኔ ዘንድ አይመጣም፣ ቆሻሻ መጣያ ነው የሚሄደው። የድሮውን ፈልጊ። ጠባብ አፓርታማ ለሚኖሩ ሰዎች የተሠራ፣ ታች ማጠቢያ፣ ላይ ማድረቂያ፣ አንድ አካል፣ ሃያ አራት ኢንች። በእጅ የሚዞር ቁልፍ ያለው። እሱን እኔ እስክሞት አድንልሻለሁ።»

«አንተ ቀድመህ ብትሞትስ?»

«እንግዲያው በእጅሽ እጠቢ።»

ፍለጋው በጥር ተጀመረ። ወይዘሮ ቬርና የአሮጌ ዕቃ ነጋዴዎችን አንድ በአንድ ደወሉላቸው። አንዱ ጋ ሲደርሱ ማሽኑ ሥሩ በዝገት ተበልቶ እንደ ወንፊት ብርሃን ያሳልፋል። ሌላው ጋ ማድረቂያው ተቆርጦ ተሸጧል። ሦስተኛው ጠዋት አለ ብሎ በሁለት አውቶቡስ ሲደርሱ የለም አላቸው። ግሌን እሑድ እሑድ እየመጣ ይልቅ ዕቃ መሸከፍ እንዲጀምሩ ይወተውታቸዋል። እሳቸው ሾርባውን እየቀዱለት ያመመኝ ደረጃው ብቻ ነው ይሉታል።

በዐቢይ ጾም ዓርብ ዓርብ የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች አዳራሽ ውስጥ ተሰብስበው ለሽያጭ የሚሆን ፒሮጊ የሚባል ድንች የተሞላ የሊጥ ምግብ ይጠቀልላሉ። ወይዘሮ ቬርና በአልዳነ እጃቸውም ቢሆን አልቀሩም። እዚያ ነው ኢሬን የተባለች ጓደኛቸው፣ ሊጡን እየቆነጠጠች፣ ከወንዙ ማዶ አንዲት ብቸኛ ሴትዮ ሞተው ዕቃቸው ቅዳሜ እንደሚሸጥ የነገረቻቸው። ከሚሸጠው ዕቃ ዝርዝር ውስጥ አሮጌ ተደራራቢ ማጠቢያና ማድረቂያ አለ፤ ይሠራል ይላል። ከዚያ ቅዳሜ እስከ ፋሲካ ስምንት ቀን ብቻ ነው።

የሟች ዕቃ ሽያጭ ሕግ አለው። በሟች ቤት በር ላይ በተሰቀለው ወረቀት ስምህን ጽፈህ በተራህ ትገባለህ፤ ትልልቁ ዕቃ ላይ ደግሞ ወረቀት ተለጥፏል፣ ታችኛውን ግማሽ መጀመሪያ የቀደደ ዕቃው የእሱ ነው። ወይዘሮ ቬርና አራተኛ ሆነው ተመዘገቡ። ከፊታቸው ያሉት ሦስቱ ነጋዴዎች ናቸው። አንደኛው፣ ዴል የሚባል ጢማም፣ ማሽኑን አፍርሶ ሞተሩን ለብቻው ሊሸጥ እንደመጣ ሳያፍር አወራ።

«እማማ፣ ለአሮጌ ብረት ብለው በዚህ ብርድ መቆም ምን ያደርግልዎታል?» አላቸው።

«አሮጌ አሮጌን ይወዳል፤ አንተ ምን አገባህ» አሉት።

በሩ ሲከፈት ሦስቱም ነጋዴዎች ቀጥ ብለው ወደ ምድር ቤት በረሩ። የፒትስበርግ ሰው ማጠቢያ ሲባል ወደ ታች ነው የሚሮጠው፤ አያቱም እዚያ ነው ያጠበችው። ወይዘሮ ቬርናም ተከተሏቸው። የደረጃውን መደገፊያ ያዙ፣ አንድ እግራቸውን አወረዱ። ከዚያ ቆሙ።

ምድር ቤት መውረድ የምትችል ሴት፣ እዚያ ሰፊ ቦታ እያለላት፣ ጠባብ ማሽን ምን ይሠራላታል ብለው አሰቡ። ይህን ማሽን የምትገዛው እንደ እኔ ጉልበቷ የከዳት ናት። እግራቸውን መለሱና በኮሪደሩ ወደ ውስጥ ዘለቁ። ከመኝታ ቤቱ አጠገብ አንድ ተጣጣፊ በር አለ። ከፈቱት። ማሽኑ ነጭ ሆኖ፣ ጠርዙ ትንሽ ቢጫ ብሎ፣ ቀጥ ብሎ ቆሟል። በተሰበረው እጃቸው ወረቀቱን ይዘው በደኅናው ቀደዱት።

ዴል ጢሙ ላይ የሸረሪት ድር ተሸክሞ ከታች ወጣ።

«እኔ እኮ ቁጥር አንድ ነኝ» አለ።

«አንደኛ ገባህ፣ አንደኛ ወረድክ። ማን ከለከለህ?»

«እሺ፣ እጥፍ ልክፈልዎት። ለእርስዎ ምን ያደርጋል?»

«ልብስ ላጥብበት ነው። አንተስ ልታጥብበት ነው?»

ሽያጩን የምታካሂደው ሴት ግማሹን ወረቀት ተቀብላ ተሸጧል ብላ ጻፈችበት።

ፋሲካ ሳይገባ ማሽኑን ግሌንና ኦቲስ በጭነት መኪና አመጡት። ግሌን ፊቱን አኮሳትሮ ነበር የመጣው። የወጥ ቤቱ በር ከማጠፊያው ተነቀለ፣ ኦቲስ ወለሉን አስተካከለ፣ አዲስ የኤሌክትሪክ መስመርና ቱቦ ዘረጋ። ማሽኑ ክፍተቱ ውስጥ ገባ። በግራ በቀኝ አንዳንድ ጣት የማይሞላ ቦታ ተረፈ። ወይዘሮ ቬርና አንሶላ ጨምረው ቁልፉን አዞሩ። ውሃው ገባ። ማሽኑ አንጎራጎረ፣ አልተንቀጠቀጠም።

ግሌን ላቡን ጠረገ። «እማ፣ ነገ ሌላ ነገር ቢያምሽስ?»

«ነገ ያመመኝን ነገ እነግርሃለሁ። ዛሬ ያመመኝ ደረጃው ነው ብዬ ነግሬህ ነበር፤ ሰምተኸኛል?»

ግሌን ወለሉን አየ። እንዳልሰማ ያውቃል። «ቃል ቃል ነው። ቤቱ አይሸጥም» አለ በመጨረሻ። አንሶላው ደርቆ ሲወጣ አንዱን ጫፍ እሱ ያዘ፣ ሌላውን እሳቸው፤ አጠፉት።

እናንተም እናታችሁን ከቤቷ ልታወጡ የምትመክሩ ልጆች፣ እባካችሁ ዛሬውኑ ሂዱና ምን እንደቸገራት ጠይቋት፤ መልሷን እስክትጨርስም ከወንበራችሁ አትነሱ።