ከአጥሩ ማዶ የጠራኝ

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ዛሬም ዝም ብዬ ብቀመጥ ደረቴ ይፈነዳል። ጌታ ያደረገልኝን ልንገራችሁ። ስሙ ይባረክ!

አስቴር እባላለሁ፤ ያደግኩት ቢታ ገነት ነው። እናቴ አማኝ ነበረች፤ እኔ ግን ጌታን የማውቀው በእሷ ወሬ ብቻ ነበር። ሺሺንዳ ገበያ የምናውቃት እትዬ አበባ የምትባል ሴት፣ «አዲስ አበባ ጥሩ ሰዎች ቤት ሥራ አግኝቼልሻለሁ» አለችኝ። እናቴን አቅፋ አልቅሳ ነው የወሰደችኝ። አድርሳኝ፣ ስልኬንና መታወቂያዬን ለቤቱ ባለቤት አስረክባ ሄደች።

የቤት ሥራ አልነበረም። ወንዶች የሚመጡበት ቤት ነበር። ከዚህ በላይ አልናገርም፤ እናቶች ይገባችኋል።

የቤቱ ባለቤት ገና ከበር ስታየኝ «ማርታ፣ ግቢ» አለችኝ። «አስቴር ነኝ» ብላት እንዳልሰማች ሆነች። ቁም ሳጥኑ ውስጥ የተሰቀለው ልብስ ሁሉ ልኬ ነበር። እዚያ ቤት አብራኝ የነበረችውን አንዲት ልጅ «የማነው?» ብላት፣ «የማርታ ነዋ» አለችኝ። «የቷ ማርታ?» ስላት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ ደግሞ በሕይወቴ አይቼው የማላውቅ ሰው መጥቶ ምን አለኝ መሰላችሁ? «ማርታ፣ ፀጉርሽን ተቆረጥሽ እንዴ?»

እየቆየ እኔም «አቤት» ማለት ጀመርኩ። አንድ ረፋድ ግቢው ውስጥ ቧንቧው ስር ልብስ እያጠብኩ፣ የገዛ ስሜን ልጥራው ብል ጠፋብኝ! የእናቴ ፊት ይታየኛል፣ አፏ ይንቀሳቀሳል፣ ስሜ ግን አይሰማም። እጄ አረፋው ውስጥ እንዳለ፣ «የእናቴ አምላክ፣ እኔ ማነኝ? አንተስ ታውቀኛለህ?» አልኩት።

ወገኖቼ፣ ያኔ የሰፈሩ ድምፅ ሁሉ ቀጥ አለ። ውሻ የለ፣ መኪና የለ። ከአጥሩ ማዶ አንድ ድምፅ በካፊኖኖ፣ በእናቴ ቋንቋ፣ «አስቴር፣ ነዪ» አለኝ። የወንድ ይሁን የሴት ዛሬም አላውቅም። ሃሌሉያ! ተነሳሁ። የቤቱ ዘበኛ ትይዩዬ ተቀምጦ ወደ ቧንቧው ያያል። በፊቱ ሳልፍ ዓይኑ እንኳ አልተከተለኝም። ሁልጊዜ የሚቆለፈው በር ገርበብ ብሎ ነበር። ወጣሁ።

መንገድ ዳር አትክልት የምትሸጥ ሴት በባዶ እግሬ አይታኝ፣ «ምን ሆንሽ ልጄ? ስምሽ ማነው?» አለችኝ። «አስቴር» አልኩና እዚያው ተንበረከክሁ። ጌታን የተቀበልኩት እዚያ አስፋልት ላይ ነው፤ ክብር ለስሙ ይሁን!

ሴትየዋ ፖሊስ ጣቢያ ወሰደችኝ። ፖሊሶቹ ቤቱን ከበው ያቺን ልጅ አወጧት፣ የቤቱን ባለቤትም ያዟት። አሁን ስሙኝ! ዘበኛው ከፖሊሶቹ ጋር ሲያየኝ እጁን ወደ ቧንቧው ዘረጋ። «በየት ወጣች? አሁን እናንተ እስክትገቡ ድረስ ልብስ ስታጥብ እያየኋት ነበር» አለ። ዞር ብለን አየን። ልብሱ ሁሉ ታጥቦ፣ ገመዱ ላይ ተሰጥቶ ውሃ ያንጠባጥባል። እኔ አንዱንም አላሰጣሁም!

ማን እንዳሰጣው አትጠይቁኝ።

ያቺ ፖሊሶቹ ያወጧት እህቴ ዛሬ እዚህ ቦንጋ አብራን አለች፤ ከኋላ ተቀምጣለች። ዞራችሁ አትዩአት። ገና ቆማ መናገር ስላልቻለች ስለ ሁለታችን ነው የቆምኩት። ልጃችሁ ስልክ አላነሳ ያለቻችሁ እናቶች፣ ጌታ ያለችበትን ቤት ያውቀዋል። ታመኑበት፣ ደግሞም ሄዳችሁ ፈልጓት።