ነጻ ከወጡ በኋላም የጻፍኩት ቃል

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አላባራ ብሎ ነበር። እኔና ወንድሜ አራዳ ገበያ፣ ከአባታችን የጨርቅ ሱቅ በስተጀርባ ባለችው ክፍል ተቀምጠን መጽሐፍ እንተረጉማለን። እሱ ፈረንሳይኛውን እያየ በአማርኛ ይነግረኛል፤ እኔ እጽፋለሁ። የእጅ ጽሕፈቴ ከእሱ ይሻል ነበር። ከእሱ የምሻልበት ነገር ይኸው ብቻ ነው።

መጽሐፉ የሃይቲ ታሪክ ነው። ሃይቲ ከአሜሪካ አጠገብ በባሕር መካከል ያለች አገር ናት። ወንድሜን ያስተማረው ፈረንሳዊ ወደ አገሩ ሲመለስ መጽሐፉን ትቶለት ሄደ። ፈረንሳዮቹ ሲጠሯት «አይቲ» ነው የሚሏት፤ ወንድሜም መጀመሪያ እንደዚያው ጽፎ ለአባታችን አነበበላቸው። አባታችን «የአይጥ አገርም አለ? የሱቃችን አይጦች ከዚያ ነዋ የመጡት» ብለው ገበያተኛውን ሁሉ አሳቁበት። ከዚያ ወዲህ «ሃ» ጨመረባት።

አንዲት ሴት ደግሞ ሁልጊዜ በሩ ሥር ተቀምጣ ጥጥ እየፈተለች ታዳምጠናለች። እናታችን እኔን በወለደች በአራተኛው ቀን ሞተች፤ ሁለታችንንም ያሳደገችን ይህች ሴት ናት። አባታችን ከማግባታቸው በፊት ከከፋ ከመጣ ነጋዴ የገዟት ባሪያቸው ናት። አሁን ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። እስከዚያ ሳምንት ድረስ ግን አይከብደኝም ነበር።

ታሪኩን ከእኔ ይልቅ የተከታተለችው እሷ ናት። እኔ ፊደል እየጣልኩ እንደሆነ ብቻ ነው የማስበው። ሰዎቹን ከአፍሪካ በመርከብ ጭነው እንደወሰዷቸው፣ በሸንኮራ እርሻ ላይ ሌትና ቀን እንዳሠሯቸው፣ አንድ ቀን ሁሉም ተነሥተው እርሻውን እንዳቃጠሉ ስትሰማ ክሩን ታቀጥነዋለች። ፈረንሳዮቹ መሪያቸውን እንነጋገር ብለው ጠርተው፣ አሥረው በመርከብ ወደ ፈረንሳይ ሲወስዱት ግን እንዝርቷን አስቀምጣ ወጣች። ሁለት ቀን ሙሉ እዚያ በር ሥር አልተቀመጠችም።

የዚያን ዕለት ዓርብ ድሉ ካለበት ምዕራፍ አልፈን ነበር። ፈረንሳዮቹ ተባረዋል። ሰዎቹ ለአገራቸው ስም ሲፈልጉ የራሳቸውን ትተው፣ ከእነሱ በፊት እዚያ ኖረው ያለቁት ሕዝቦች ይጠሩበት የነበረውን አወጡላት። ትርጉሙ ተራራማ አገር ማለት ነው።

«እንደኛ አገር» አለች፣ ከጥጧ ቀና ሳትል። የእሷን አገር ማለቷ ነው።

ቀጥሎ ሕጋቸው መጣ። የአገሩ ሰው ሁሉ ከእንግዲህ «ጥቁር» ተብሎ ብቻ ይጠራል ይላል። ከእነሱ ጋር የወገኑ ጥቂት ነጮች ነበሩ፤ እነሱም ጭምር።

«ነጩም?»

«ነጩም» አላት ወንድሜ።

«አባታችሁ እዚያ ቢሄዱ ጥቁር ሊባሉ ነው?»

«አዎ።»

«አይሄዱማ» አለች። ወንድሜ እስኪያስለው ሳቀ። አባታችን ቅላታቸውን እንደ ርስት የሚቆጥሩ ሰው ናቸው።

ከዚያ የጻፍኩትን ሊያይ ወረቀቶቹን ተቀበለኝ። አንዱን አነበበ፣ ሁለተኛውን አነበበ። ሳቁ ቆመ።

«ይህ ምንድን ነው?» አለኝ።

አየሁት። እሱ «ጥቁሮቹ» ባለበት ሁሉ እኔ «ባሮቹ» ብዬ ጽፌያለሁ። ባሮቹ ሕግ አወጡ። ባሮቹ ከተማ ሠሩ። ባሮቹ ንጉሥ አነገሡ። አንድ ሁለት ቦታ አይደለም፤ ከድሉ ወዲህ ያለው አሥራ አንዱም ገጽ እንደዚያ ነው። ሆን ብዬ አልነበረም። በእኛ ቤት ሁለቱ ቃላት አንድ ነበሩ፤ አንዱ በጆሮዬ ሲገባ ሌላው በእጄ ይወጣል።

«ያው አይደለም እንዴ?» አልኩት።

«ነጻ ከወጡ ስንት ገጽ ሲሄዱ ነው ባሪያ መሆናቸው የሚያበቃው?»

ከበሩ ሥር እሷ መለሰችልኝ። «ተወው» አለችው ወንድሜን፤ «እጁ የለመደውን ነው የጻፈው።»

አልተቆጣችም። ምነው በተቆጣች እላለሁ።

ወረቀታችን አልቆ ነበር። ወንድሜ ነገ ወረቀት ግዛና ያበላሸኸውን እንደገና እንጽፈዋለን አለኝ። እኔም ኩርፊያ ይዞኝ «ከፈለግህ ራስህ ግዛ» አልኩት። ከዚያ በኋላ ምን እንደተባባልን አላስታውስም። እራት አብረን በልተናል። አንድ ነገር ሳንባባል አልቀረንም። ብዙ ጊዜ ለማስታወስ ሞክሬያለሁ፤ አልመጣልኝም።

ቅዳሜ ማለዳ ራሱ ሄደ።

የገበያ ቀን ስለሆነ እኔ ሱቅ ውስጥ አባቴን እየረዳሁ ለአንዲት ሴትዮ አቡጀዲ በክንድ እለካለሁ። አምስተኛው ክንድ ላይ ነበርኩ። ሁለት ሰዎች በሩ ላይ ቆመው «ወንድምህ» አሉ። ሰማኋቸው። ስድስት አልኩ። ሰባት አልኩ። ሴትዮዋ ጨርቁን ከእጄ ቀስ ብላ ወሰደችው።

ወረቀቱን ገዝቶ ሲመለስ ገበያው መንገዱን ስለዘጋበት በዶሮ ማነቂያ ሰፈር ውስጥ ለውስጥ ሊያቋርጥ ገባ። ሳምንቱን ሙሉ ዝናብ የጠጣ የድንጋይ ካብ ተንዶ ወደቀበት። ያዩት ሰዎች የነገሩን ይህንኑ ነው፤ ሌላ የሚነገር የለውም። ካቡ አጠገብ አንድም ሰው አልነበረም፣ እሱ ብቻ። በሳንቃ ተሸክመው አመጡት። ወረቀቱ ከጋቢው ሥር ነበር። አልረጠበም።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ጊዮርጊስ ቀበርነው። በአንድ ቀን ውስጥ ይህ ሁሉ እንዴት እንደሚሆን አሁንም አይገባኝም። ጠዋት ጫማውን ሲያጠልቅ ተኝቼ ሰምቼዋለሁ።

አስከሬኑ ከቤት ሳይወጣ በፊት የሆነውን ግን መጻፍ አለብኝ። ያሳደገችን ሴት ፊቷን ነጭታ በላዩ ላይ ወደቀች። አፏን ሞልታ «ልጄ» አለች። የአባቴ እኅት፣ አክስታችን፣ ጮኽ ሳይሉ እንዲህ አሉ፦

«የባሪያ ለቅሶ ቤተ ዘመዱን ሸፈነው እኮ። ጓዳ አስገቧት።»

ሁለት ሴቶች ብብቷን ይዘው አነሷት። አልታገለችም፤ ሄደች። ከቀብር ስንመለስ ለለቀስተኛው የእጅ ውሃ ይዛ ብቅ አለች። ጉንጯ ላይ ደሙ ደርቋል። አባቴን አስታጠበች፣ አክስቴን አስታጠበች። እኔ ፊት ቆመች። እጄን ዘረጋሁ። አስታጠበችኝ፤ ታጠብኩ።

ያን ሌሊት ስለ ወንድሜ ብቻ ማሰብ ነበረብኝ። የማየው ግን የተዘረጋውን እጄን ነበር።

እሑድ ጠዋት ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሳይመለስ ተነሥቼ ጓዳ ገባሁ። ለለቀስተኛው ምስር እየለቀመች ነበር።

«ተነሽ» አልኳት።

«ምን ልሥራ?»

«ምንም። ተነሽ ብቻ።»

ክንዷን ይዤ ወደ አዳራሹ አወጣኋትና ከአባቴ ቀጥሎ፣ አክስቴ በሚቀመጡበት ሰሌን ላይ አስቀመጥኳት። ልትነሣ ሞከረች። እኔም አጠገቧ ቁጭ አልኩና የቀሚሷን ጫፍ በጉልበቴ ያዝኩት። አባቴ ምን እያደረግህ ነው አሉኝ። ቀሚሷን ይበልጥ ተጫንኩት። አክስቴ ገብተው አዩን፣ አባቴን አዩ፣ ከእኛ ራቅ ብለው ተቀመጡ።

መጀመሪያ የመጡት አንድ ጎረቤታችን ሽማግሌ ናቸው። አባቴን «እግዚአብሔር ያጽናዎ» አሏቸው። እኔን «ያጽናህ» አሉኝ። እሷን ዘለው ወደ አክስቴ ዞሩ።

«ለእሷም ይበሏት» አልኩ።

«ለማን?»

አባቴ ስሜን ጠሩ፤ ዝም በል ማለታቸው ነው። እሷ ከጉልበቴ ሥር ቀሚሷን ጎተተች።

«ለእሷ። ያሳደገችው... እሷ ናት ያሳደገችው። ለእሷም ይበሏት።»

ሽማግሌው መሀል ቤቱ ቆመው ቀሩ። ቀሚሷን አልለቀቅሁም፤ «ያጽናሽ» እስኪሏት ድረስም ዓይኔን ከእሳቸው ላይ አላነሣሁም።