ሳልለካው ዜሮ ያልኩት ክንድ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባሌም፣ ለንስሐ አባቴም። ንስሐ አባቴ ፊት የጾም መሻሬን፣ ሰው ማማቴን ስዘረዝር ኖሬያለሁ፤ እዚህ ላይ ስደርስ ግን ዘልዬው አልፋለሁ። እናንተ አታውቁኝም፤ ለመናገር የደፈርኩትም ለዚህ ይሆናል።

ነርስ ነኝ። ያኔ ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ፣ ከአየር ጤና ገባ ብሎ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ፣ በአለርጂ ጥናት ላይ ተመድቤ እሠራ ነበር። አንዳንድ ሰው ሰውነቱ የማይጎዳውን ምግብ እንደ ጠላት ይቆጥረዋል፤ በደሙ ውስጥ ፀረ እንግዳ አካል አዘጋጅቶ ይጠብቀዋል፣ ምግቡ ሲመጣ ይቆጣል፣ ያብጣል። እኛ የምንፈልገው የትኛው ምግብ ማንን እንደሚያስቆጣ ነበር። ሥራው ከባድ አይደለም። ክንድ ላይ የለውዝ፣ የሰሊጥ፣ የሽምብራ፣ የአብሽ ጠብታ አደርጋለሁ፤ በየጠብታው ላይ ቆዳውን በመርፌ ነካ አደርጋለሁ፤ አሥራ አምስት ደቂቃ ጠብቄ ያበጠውን በማስመሪያ ለክቼ እጽፋለሁ። ከዚያ በላይ ከቆየ እብጠቱ እየከሰመ ይሄዳል። ይህን አውቅ ነበር። ከማንም በላይ አውቅ ነበር።

ሰናይት ትዳር ከያዘች ገና ዓመት ያልሞላት ሳቂታ ልጅ ነበረች። አብሽ ያለበት ነገር ከቀመሰች ጉሮሮዋን ያሳክካታል፣ ከንፈሯ ያብጣል፤ ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ነው። ቤተሰቦቿ ግን ቅምጥል እያሉ ይስቁባታል።

«ሲስተር፣ እስቲ እናንተ እውነቱን ንገሯቸው፤ ሙድ እየያዙብኝ ተቸግሬያለሁ» አለችኝ።

መርፌውን እንደጨረስኩ የጽዳት ሠራተኛዋ በበሩ ብቅ ብላ ሸማቾች ሱቅ ዘይት መግባቱን ነገረችኝ። ሰናይትን «እንዳትነኪው፣ መጣሁ» ብያት ወጣሁ። ዘይት የጠፋበት ጊዜ ነበር ብዬ ራሴን ልከላከል? ቤቴ ዘይት አላለቀም ነበር። ግማሽ ጀሪካን ነበረኝ። ለሚቀጥለው ወር እንዳያመልጠኝ ብዬ ነው ወረፋ የቆምኩት።

ስመለስ ከአንድ ሰዓት በላይ አልፏል። ሰናይት ክንዷን ጠረጴዛው ላይ እንደዘረጋች ተቀምጣለች። አትንኪው ስላልኳት አልነካችውም።

«ሲስተር፣ አንደኛው እንዲህ አክሎ ነበር» ብላ የአውራ ጣቷን ጥፍር አሳየችኝ። «ሲያሳክከኝ ጨርቄን ልጥል ምንም አልቀረኝ!»

አየሁት። በአብሹ ቦታ ደብዘዝ ያለ ቅላት ብቻ ቀርቷል። ሌላ ቀን ቀጥሬያት መድገም ነበረብኝ። ለመድገም ግን ምክንያቱን ጽፌ አለቃዬን ማስፈረም ነበረብኝ። የት ነበርሽ ብባል ምን እላለሁ? በአብሽ መስመር ላይ ዜሮ ጻፍኩ። እብጠቱን ጽፌ ቢሆን ኖሮ አብሽ በአፏ ዝር እንዳይል የሚያስጠነቅቅ ካርድ እሰጣት ነበር። ዜሮ ጻፍኩ፤ ካርዱን አልሰጠኋትም። ያም አልበቃኝም፤ ጥያቄ እንዳታበዛብኝ «ምንም የለብሽም» አልኳት። ይህን እንድላት ማን ለመነኝ? ልጅቱ በዓይኗ ያየችውን፣ በቆዳዋ የተሰማትን እኔ በወረቀት ሻርኩባት።

«በቃ የእውነት ቅምጥል ነኝ ማለት ነው» ብላ እየሳቀች ሄደች።

ከዓመት በኋላ ለክትትል ባስመዘገበችው አድራሻ ወላጆቿ ቤት ሄድኩ። በሩን የከፈቱልኝ እናቷ እማማ ዝናሽ ጥቁር ለብሰዋል። ሰናይት ሞታለች። ወልዳ ሳምንት ሳይሞላት ነው።

እማማ ዝናሽ አጠገባቸው አስቀምጠው ነገሩኝ። ወተቷ እንዲወርድ ብለው፣ አራስ ሁሉ እንደሚጠጣው፣ አብሽ በማር በጥብጠው ሰጧት።

«እንቢ አለችኝ። ሐኪም ምንም የለብሽም ብሎሽ የለም ወይ? አልኳት። እሱስ እውነትሽን ነው ብላ ጨለጠችው። ወዲያው ፊቷ ተነፋ፣ ድምፅዋ ተዘጋ። ታክሲ ይዘን ዘነበወርቅ ሆስፒታል ሳንደርስ እቅፌ ውስጥ ቀረች።» ከዚያ እጄን ጥብቅ አድርገው ያዙ። «ልጄ፣ እናንተ መርምራችኋታል። እውነት እኔ ነኝ የገደልኳት? ባሏ አንቺ ነሽ ብሎ ሕፃኗን ወስዶ እህቱ ጋ አስቀመጠ። ዓይኗን እንኳ አያሳየኝም።»

አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። እርስዎ አይደሉም፣ እኔ ነኝ ማለት። አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን «እማማ፣ የእግዜር ፈቃድ ነው፤ ምን ይደረጋል» የሚል ነበር። አብሬያቸው አለቀስኩ። ያለቀስኩት ለሰናይት ነበር ወይስ ለሥራ ፈቃዴ? እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ፤ መልሱ ደግሞ ያሳፍረኛል። ጤና ጣቢያው ተመልሼ ፋይሏን አወጣሁ። ዜሮው በእኔ የእጅ ጽሑፍ እንደተጻፈ አለ። ማረም እችል ነበር፤ መልሼ ቆለፍኩበት። ጥናቱም ተጠናቀቀ። ይኸውና አብሽ ኮልፌ ውስጥ ሰናይትን እንዳልጎዳ የሚመሰክር ወረቀት አለ፤ ምስክሩም እኔ ነኝ።

ባለፈው ጦር ኃይሎች የታክሲ ሰልፍ ላይ እማማ ዝናሽን አገኘኋቸው። ከስተዋል። ጉንጬን ደጋግመው ሳሙኝ። የልጅ ልጃቸው አራት ዓመት ሊሞላት ነው፤ አንድ ቀን ከአጥር ውጭ ቆመው ስትጫወት አይተዋት ነበር፣ አክስቷ አይታቸው ወደ ውስጥ አስገባቻት።

«ሰው ሁሉ ሲሸሸኝ አንቺ ብቻ ነሽ አብረሽኝ ያለቀስሽ» አሉኝ። «ልጅሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ።»

እኔም ልጅ አለኝ፤ አሜን አልኩ። አጎንብሼ ምርቃቱን ተቀበልኩ።

ለሰናይት ባል አንድ ቃል ብነግረው እኚህ ሴት ነገ ያቺን ሕፃን ያቅፋሉ። ይህን እያወቅኩ ዝም ብያለሁ፤ ሥራዬን እፈራለሁ፣ ስሜን እፈራለሁ፣ ከሁሉም በላይ የእሳቸውን ፊት እፈራለሁ። ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ እናንተን አልበደልኩም። የበደልኳቸው ሴት በአንድ ታክሲ የሚደረስበት ቤት ውስጥ ተቀምጠው ልጄን ገደልኩ ይላሉ። እኔ ደግሞ ለእሳቸው ሳልናገር ለእናንተ ተናገርኩ።