መጨረሻ የሌለው ባቡር

አልፊያን ቁጭ ብላ ያያት ሰው አየር ጤና ላይ አልነበረም። ወላሂ አልነበረም! መጋረጃ ቤቷ ውስጥ ያለው ወንበር ለደንበኛ ብቻ ነው፤ እሷ ከጥቅል ጨርቅ ወደ ጥቅል ጨርቅ፣ ከመቀሱ ወደ ሜትሩ፣ ከሱቁ ወደ መንገዱ ስትል ትውላለች። ሰርግ ቤት ሄዳ እንኳ ሳህኗን ይዛ ቆማ ነው የምትበላው። አጠገቧ ሻይ ቤት ያላት እሙ «ይቺን ሴትዮ ወንበር አያውቃትም» እያለች ታሾፍባታለች። አልፊያም አብራ ትስቃለች፤ ሳቁ ግን ከጥርስ አያልፍም።

ነገሩ የቆሼ ነው። ያ የቆሻሻ ተራራ የተናደ ዕለት ታናሽ ወንድሟ መህዲ እዚያው ሥር ተከራይቶ ይኖር ነበር። ሮጣ ስትደርስ ቤቱ የለም። ሰዎች ደግፈው አንድ ድንጋይ ላይ አስቀመጧትና «አንቺ እዚህ ቁጭ በይ፣ እኛ እናወጣዋለን፣ ከዚህ እንዳትነሺ» አሏት። እሺ ብላ ተቀመጠች። መሸ፣ ነጋ፣ ደግሞ መሸ። እሷ ከድንጋዩ አልተነሳችም፣ መህዲም ከአፈሩ አልወጣም። ከዚያ ወዲህ ቁጭ ብሎ ሰው መጠበቅ የሚባለውን ነገር ሰውነቷ እምቢ አለ፤ ገና ስትቀመጥ ልቧ ይዘላል፣ ትንፋሿ ያጥራል። መሬት ሥር መግባትማ ጭራሽ አይነሳ! መርካቶ ምድር ቤት ያሉ ሱቆች ደጃፍ ላይ ቆማ «ናሙናውን ወደዚህ አውጡልኝ» ነው የምትለው።

ለልጇ ለሰልሳቢል ያስተማረችውም ሕግ ከዚሁ የመጣ ነው። ሌላ እናት ልጇን «ከጠፋሽ ባለሽበት ቁሚ» ትላለች አይደል? አልፊያ ግን «ከተጠፋፋን ማንም አይቆምም፤ ወደፊት ቀጥዪ፣ መጨረሻ ፌርማታ እንገናኛለን» ነበር የምትላት። ደግሞ ሠርቷል! ልጅቷ ትንሽ እያለች ሜክሲኮ ላይ ግፊያው አንድ ታክሲ ውስጥ ወርውሯት፣ እናትየው ውጭ ቀርታ፣ አልፊያ የሚቀጥለውን ይዛ አየር ጤና ስትደርስ ሰልሳቢል ተራ አስከባሪዎቹ አጠገብ ማስቲካዋን እያኘከች ነበር። የኛ ታክሲ የትም ቢጠማዘዝ መጨረሻ አለው። ወያላው «መጨረሻ ነው፣ ውረዱ!» ይላል፣ የተጠፋፋ ሁሉ እዚያ ይገናኛል። ባቡራችንም ቢሆን በዚህ በኩል ጦር ኃይሎች ላይ ያበቃል። አልፊያም የዓለሙ መንገድ ሁሉ እንደዚያ መስሏት ኖረች፤ ለምን አይመስላት?

ቻይና፣ ጓንዡ ድረስ የወሰዳት ጨርቁ ነው። ፎቶ ላይ ወፍራም የነበረው መጋረጃ አየር ጤና ሲደርስ ወንፊት እየሆነ አስቸገራት። «ከእንግዲህ በእጄ ሳልዳስስ አላዝም» ብላ ተነሳች። ባሏ ሀምዱ «እዚያ አገር ባቡሩ ውስጥ ለውስጥ ነው አሉ፤ እንዴት ልትሆኚ ነው?» ሲላት «በታክሲ እሄዳለኋ! ማን ያስገድደኛል?» አለችው። አሥራ ስድስት ዓመቷን የያዘችውን ሰልሳቢልን ያስከተለቻት ለእንግሊዝኛዋ ነው። እሷ ራሷ ከአማርኛና ከስልጢኛ በቀር አታውቅም፤ ስልኳም ከሆቴሉ ዋይፋይ ከራቀች ሰዓት ከማሳየት ሌላ አይረባትም። የሚሠራው ስልክ፣ ካርታው፣ የሆቴሉ አድራሻ፣ ሁሉም ልጅቷ እጅ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት በታክሲ ተወጡት። አንድ ቀን ጠዋት ግን ዝናቡ ሰማዩ የተቀደደ እስኪመስል ወረደ፣ ታክሲ ጠፋ፣ የፋብሪካው ሰው ደግሞ ቀጥሮ እየጠበቀ ነው። ሰልሳቢል «ኡሚ፣ ጥቂት ፌርማታ ናት። እጄን ያዢና ዓይንሽን ጨፍኚ» አለቻት።

እጇን ያዘች። ተንቀሳቃሹ ደረጃ ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ አያልቅም። አልፊያ ከንፈሯ ሳያቋርጥ ቁርኣን ይቀራል፣ አእምሮዋ ግን ከአናቷ በላይ የሚከመረውን አፈር ይሰፍራል። ከታች መብራቱ ቦግ ያለ፣ ወለሉ ፊት የሚያሳይ፣ አየሩም ቀዝቃዛ ነው። ሰዉ ስልኩን እያየ እንደ ሳሎኑ ይመላለሳል። እሷን ያ ሁሉ መስታወትና ብርሃን አላታለላትም፤ መቃብር መቃብር ነው። ግድግዳው ላይ አንድ ሕፃን ከራሱ የሚበልጥ ሐብሐብ አቅፎ የሚስቅበት ትልቅ ማስታወቂያ አለ። ሌላውን ላለማየት እሱ ላይ አፈጠጠች።

ባቡሩ መጣ። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ አየር ጤና ማደጓ ጉድ የሠራት። የአገሩ ሰው ከበሩ ግራና ቀኝ ተሰልፎ ወራጁን ያሳልፋል፤ ሰልሳቢልም አይታ እንደነሱ ቆመች። አልፊያ ግን የተከፈተ በር ስታይ የዕድሜ ልክ ልማዷ ቀደማት። የልጅቷን እጅ ለቀቀች፣ ሰዉን በክርኗ ሰነጠቀች፣ ዘላ ገባች፣ አንዱ ወንበር ላይ ቦርሳዋን ወርውራ በሌላው ላይ እጇን ዘርግታ «ሰልሲ፣ ነዪ! ይዤልሻለሁ!» ብላ ዞረች። ለልጇ ወንበር መያዟ እኮ ነው፤ ታክሲ ስትጋፋ የኖረች ሴት ሌላ ምን ታድርግ? በሩ ተዘጋ፣ ሰልሳቢል ውጭ ቀረች።

«ወራጅ አለ! ወራጅ! አቁመው በአላህ! ልጄ ናት!» መስታወቱን በመዳፏ ደበደበችው። ወያላ የለ፣ ሾፌር አይታይ። ከማዶ የሰልሳቢል አፍ ይንቀሳቀሳል፣ ድምጿ ግን አይሰማም። ከዚያ ልጅቷ እጇን አነሳችና በጣቷ ባቡሩ ወደሚሄድበት ጠቆመች፤ ወደፊት፣ ሩቅ። መጨረሻ ማለቷ ነው። አልፊያ ጭንቅላቷን ነቀነቀች፣ ባቡሩም ተነቃንቆ ጨለማው ውስጥ ገባ።

«መጨረሻ። መጨረሻ ላይ አገኛታለሁ» እያለች ራሷን ያዘች። ብረቱን ጨብጣ ቆመች። የያዘቻቸው ሁለት ወንበሮች ላይ ሌሎች ሰዎች ተቀመጡ፣ አንዷ ቦርሳዋን በአክብሮት አቀበለቻት። ፌርማታ መጣ፣ ሄደ። ሌላ መጣ፣ ሄደ። የሚጠራው ስም በአንድ ጆሮዋ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ሰዉ ሁሉ ግልብጥ ብሎ የሚወርድበትን ቦታ ትጠብቃለች፤ ግማሹ ሲወርድ ግማሹ ይገባል እንጂ ባቡሩ ባዶ አይሆንም። በየመሃሉ ጨለማ ሲመጣ መስታወቱ ውስጥ የራሷን ፊት ታያለች፤ አመድ መስሏል። ልጄን አንዱ ቢወስዳትስ? ብትወድቅስ? ይሄ ነገር አሁን ቢናድ እሷ በየት ነው እኔ በየት?  በሕይወቷ እንዲህ ፈርታ አታውቅም፤ ቆሼ እንኳ ስትሄድ ተስፋ ነበራት።

ሐብሐብ ያቀፈው ሕፃን በመስታወቱ አለፈ። ማስታወቂያ የትም ይሰቀላል ብላ ተወችው። ሄደች፣ ሄደች፤ ያው ሕፃን ደግሞ መጣና ሳቀባት። አሁን ደሟ ቀዘቀዘ። «ያ አላህ፣ ጂን ነው! አእምሮዬን ልስት ነው!» ብላ ጮኸች። ሰዉ ዞሮ አያት፣ አንዳንዱም ፈቀቅ አለ።

ፀጉሯ የነጣ አንዲት አሮጊት ግን ተጠጋቻት። በእጇ ወዴት ነው የምትሄጂው ብላ ጠየቀቻት። አልፊያ መጨረሻን በእጅ እንዴት ትናገረው? እጇን ዘርግታ ወደፊት ገፋች፣ ከዚያ መዳፏን እንደ ግድግዳ አቆመች። አሮጊቷ ገብቷት ይሁን ሳይገባት፣ ከበሩ በላይ ያለውን ሥዕል በጣቷ አሳየቻት። ትንንሽ መብራቶች አሉ፤ አሮጊቷ ከአንዱ ጀምራ ጣቷን እያስኬደች ዞራ ዞራ የጀመረችበት መብራት ላይ መለሰችው። አልፊያ የእጇን አምባር አየች፣ ሥዕሉን አየች፣ እንደገና አምባሯን አየች።

መጨረሻ የለውም! ይሄ ባቡር መጨረሻ የለውም!

ያኔ የገባት ነገር ከአፈሩም ከጨለማውም የከፋ ነበር። ሰልሳቢል ታዛዥ ልጅ ናት። ወደፊት ቀጥዪ ከተባለች ትቀጥላለች። አሁን ከኋላ ባለ አንዱ ባቡር ውስጥ ሆና እሷም መጨረሻን እየፈለገች ነው። ቤት ዙሪያ እንደሚሯሯጡ ልጆች አንዷ ሌላዋን ተከትላ ስትዞር፣ ሁለቱም እኩል እየሄዱ፣ እስከ ነገ ቢዞሩ አይገናኙም። ያስተማረቻት ሕግ ራሱ ነው ልጇን የሚያርቅባት። ለመገናኘት አንዷ መቆም አለባት፤ ልጅቷ ደግሞ እንዳትቆም ከጨቅላነቷ ጀምሮ ተነግሯታል። «እኔ ነኝ የምቆመው» አለች አልፊያ።

ሕፃኑ ሐብሐቡን አቅፎ ሲመጣ ወረደች፤ የተለያዩት እዚያ ነው። ግድግዳው ሥር የብረት አግዳሚ አለ። ቆማ ከጠበቀች እግሯ ይዟት እንደሚሄድ ታውቃለች፤ ራሷን አታምንም። ስለዚህ ቢስሚላህ ብላ ተቀመጠች።

ኧረ እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ! ብረቱ ከሥሯ ቀዘቀዛትና ያ የቆሼ ድንጋይ ሆነ። ያው ሽታ አፍንጫዋን ሞላው። «ከዚህ እንዳትነሺ» የሚለው ድምፅ መጣ። ትንፋሽ አጥሯት አፏን ከፍታ እንደ ዓሣ ትስባለች። ባቡር ይመጣል፣ በሩ ይከፈታል፣ ሰው ይጎርፋል፣ ሰልሳቢል አትታይም፣ በሩ ይዘጋል። ሌላ ይመጣል፣ አትታይም፤ ሰዓታት ያልፋሉ። እግሯ ተነሺ ተነሺ ይላታል። የአግዳሚውን ጠርዝ በሁለት እጇ ጨብጣ ራሷን ወደ ታች ትጎትታለች። አንድ ጥበቃ መጥቶ ጎንበስ ብሎ አነጋገራት። «አልነሳም!» አለችው በአማርኛ። «አንዴ ጠብቄ ቀርቶብኛል፤ ይህቺን ግን አልተውም!» ሰውዬው ምን እንደተባለ ባያውቅም ፊቷን አይቶ ራቅ ብሎ ቆመ።

ሌላ ባቡር መጣ። በሩ ተከፈተ፣ ሰልሳቢል ብቅ አለች። ሻሿ ተንሸራትቶ፣ ዓይኗ ቀልቶ፣ ግራ ቀኝ እያየች ከአልፊያ ፊት ለፊት አለፈች። አላየቻትም! አልፊያ ልትጣራ አፏን ከፈተች፣ ድምጿ የለም። ልትነሳ ሞከረች፣ እግሯ እምቢ አላት። ልጅቷ ሰዉን በዓይኗ ቃኝታ፣ ተስፋ ቆርጣ፣ ወደ ባቡሩ ልትመለስ ዞረች። አንድ እግሯ ገባ።

«ወራጅ አለ!»

ያ ድምፅ ከየት እንደወጣ አልፊያ ራሷ አታውቅም። ፌርማታው ሙሉ ዞሮ አያት። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል የገባት አንዲት ልጅ ብቻ ናት፤ እሷም ዘላ ወረደችና በሩ ከኋላዋ ተዘጋ።

ሰልሳቢል እናቷ ጉልበት ላይ ተደፍታ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። «ኡሚ፣ መጨረሻውን አጣሁት እኮ! ካርታው ላይም ፈለግኩት፣ የለም። በየፌርማታው እየወጣሁ አየሁ። ቅድምም እዚህ ወርጄ ነበር።»

«ቅድምም? እኔ እዚሁ ነበርኩ እኮ ልጄ! እንዴት አላየሽኝም?»

«የቆሙትንና የሚሄዱትን ብቻ ነዋ የማየው» አለች ልጅቷ ሳግ እየተናነቃት። «አንቺ ቁጭ ትያለሽ ብዬ እንዴት ላስብ?»

አልፊያ የተንሸራተተ ሻሿን አስተካከለችላት። ልጅቷን ጥብቅ አድርጋ ያዘቻት፤ ወዲያው ለመነሳት ግን አቅሙ አልነበራትም። የፋብሪካውም ሰው ያን ቀን ጠብቆ ቀረ።

አሁን አየር ጤና ብትሄዱ፣ ልጆች ከትምህርት ቤት በሚለቀቁበት ሰዓት፣ መጋረጃ ቤቱ በር ላይ አንድ በርጩማ ወጥቶ ታያላችሁ። አልፊያ እሱ ላይ ትቀመጣለች። መጀመሪያ ያየቻት ዕለት እሙ የሻይ ብርጭቆ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። «ምነው፣ አሞሻል እንዴ? ወንበር አወቀሽ ዛሬ?» አለቻት።

«ሰልሲ ስትመጣ እንድታየኝ ነው» አለች አልፊያ።

ፍርሃቱ ለቀቃት እንዳትሉኝ፣ አልለቀቃትም። ልጅቷ ከታክሲው ወርዳ መንገዱን እስክትሻገር ድረስ እናትየው ከማንም ጋር አታወራም፣ ሁለት እጇም የበርጩማውን ጠርዝ እንደጨበጠ ነው።